ጎርናናው እንዳይቆረጥ አሚን ላሉት ክቡር ኃላፊ

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለላኮመልዛ ቀጠና የኃይል ንብረት አስተዳደርና አወጋገድ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ደሴ፣ ሆጤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ትዳርዎ የሰመረ፣ ልጆችዎ የተባረኩ እንዲሆኑ፣ የደሴ ብርድም እንዳይደፍርዎ ከጠረጴዛዎ ሥር ያለችው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሳትደክም እንድታገለግልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛን የጠየቁን እንደሆነ፣ መቼም አይጠይቁንም እንጂ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቮልቴጁ የፈቀደልንን ያህል ደህና ነን።

እኔ ከሪማ ሸረፈዲን እባላለሁ። የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ከሚያስተዳድረው አሮጌ የናፍጣ መብራት ማመንጫ አጥር ጥግ ነው። እንጀራዬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ መጻፍ ነው። «ክቡር ሆይ» የሚለውን ቃል በሌላ ሰው ስም ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላህ ይወቀው፤ ዛሬ በራሴ ስም ልጽፈው ስል ግን እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ወረቀት ስቀድ ዋልኩ። የቀደድኩትን ቢያነቡት ኖሮ ይህኛውን እንደ ምርቃት ይቆጥሩልኝ ነበር።

ጉዳዬ የባለቤቴ የሙንዚር ትንፋሽ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ስለ ብረት፣ ስለ ዘይት፣ ስለ መስመርና ስለ ቮልቴጅ ከዚህ በታች የምዘበዝበው ሁሉ፣ የሚመጣው ከዚህ አንድ ነገር ነውና እባክዎን ሲያነቡ እንዳይረሱት። ሙንዚር ወጣትነቱን የጨረሰው በጥጥ መፍተያ ክፍል ውስጥ ነው። ብናኙ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ከረመና ደሴ ያሉት ሐኪሞች ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን አይሆንለትም አሉን። እህቱ ነጂባ ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የላከችለት የኦክስጅን ማሽን አልጋው አጠገብ ቆሞ ከቤቱ አየር እያጣራ ያስተነፍሰዋል። አላህ ይስጣት፣ የእሷ ላብ ነው የሚያኖረው።

ታዲያ ይህ ማሽን ጨዋ ነው፤ ያገኘውን አይበላም። ቮልቴጁ ሲወርድ አንዴ ጢው ብሎ ይጮህና ቀጥ ይላል። አምፖሉ እንደ ፍም ቀልቶ ይቆያል፣ ሬዲዮው ያለቃቅሳል፣ ማሽኑ ግን ሞቻለሁ ይላል። ጠዋት ፋብሪካዎቹ ትልልቅ ሞተራቸውን ሲያስነሱ አንድ ጊዜ፣ አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ ደግሞ፣ በመካከልም መስመሩ ደስ ሲለው እንዲሁ ይሆናል። ያኔ እኔ ከየትም ብሆን ሮጬ ጥግ ያለችውን ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር እከፍትለታለሁ። ሲሊንደሯ ስታልቅ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አስሞልቼ እመለሳለሁ። በሚኒባስ ከጭኔ መካከል አቅፌያት ስቀመጥ ረዳቱ ለእሷም ሒሳብ እንድከፍል የሚጠይቀኝ ጊዜ አለ። ስታቢላይዘር ግዢ የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ገዝተን ነበር። ቮልቴጁን ሊያነሳ ሲታገል ጠቅ ጠቅ እያለ ከርሞ አንድ ቀን ጭሱን ለቆ ዐረፈ። ምድር ላይ የሌለ ነገር ከየት አምጥቶ ያንሳ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ጎርናናው ልምጣ። ጎርናናው ማለት በአጥርዎ ውስጥ ያለው ትልቁ የናፍጣ ማመንጫ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ሲሠራ ከነበረው ድምፅ ነው። የግድቡ መብራት በትልቁ መስመር ሲመጣ ናፍጣ ጠጪ ነው ተብሎ ቆመ፤ ሰፈሩም ዝም ሲል እንቅልፍ እምቢ ያላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ለስንት ዓመት እርግብ ሲፈለፈልበት ኖረ። እንግዲህ ጡረታ መውጣቱ ነበር። ማንም አልተቃወመም።

ይህን ሁሉ ያጣመመችው የራስዎ ሠራተኛ ኢንጂነር ሥርጉት ናት። ልጅቷ መጥታ ጎርናናውን ዙሪያውን አይታ፣ ናፍጣ የሚጠጣው ሞተሩ እንጂ ከጎኑ ያለው ጀነሬተር ምን አጠፋ አለች። ሞተሩን ከጀነሬተሩ ብናላቅቀው፣ ጀነሬተሩ ከመስመሩ ራሱ ጥቂት ኃይል እየወሰደ በባዶው ይዞራል፤ ናፍጣ አይጠጣም፣ ጭስ የለውም፤ መብራት አያመነጭም፤ ግን ቮልቴጁ ሲወድቅ ይደግፈዋል፣ ሲዘል ይይዘዋል ብላ አስረዳች። ለእኛ ለጎረቤቶቹ ስታስረዳ ደግሞ የወፍጮ ቤት ድንጋይ አስቡ አለችን፤ ከባድ ነገር አንዴ መዞር ከጀመረ እህል በዛብኝ ብሎ በድንገት ቀጥ አይልም። በሌላ አገር አሮጌ ማመንጫን እንዲህ አድርገው እንደሚጠቀሙበትም ነገረችን። እኔ ቴክኒኩ አይገባኝም። የገባኝ ያየሁት ነው።

ያየሁትም ይህ ነው። ባለፈው የመኸር ወራት ለሙከራ ተብሎ ጎርናናው ያለ ሞተሩ ዞረ። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፤ እንደ ንብ መንጋ እምምም ይላል። ፋብሪካዎቹ ሞተራቸውን አስነሡ፤ አምፖላችን አልቀላም። ሙንዚር ማሽኑ ሳይጮህበት ዋለ፣ ሳይጮህበት አደረ። ሁልጊዜ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ጋደም ብሎ ተኛ። ጉንጩ ሥጋ ያዘ፤ ሲሊንደሯን ይዞ በባጃጅ ጁምዓ ሰግዶ መጣ፤ ሲመለስ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ከጎረቤት ጋር በፖለቲካ ተጨቃጨቀ። ወላሂ ክቡር ሆይ፣ ባሌ ሲጨቃጨቅ ሰምቼ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጎርናናው እንደገና ቆመ። ለምን እንደቆመና ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰብን፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና ጨምሬ፣ በማመልከቻ ጸሐፊ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በቅድሚያ ስለ ቅሬታ መቀበያ ስልክዎ አመሰግናለሁ፤ ስልኩ ይነሣል፣ የሚያነሣው ልጅም ጨዋ ነው። ችግሩ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ መብራት አለ ወይስ የለም? አለ፣ ግን ደካማ ነው ስለው፣ እናቴ፣ አለ ካሉማ ምን ቅሬታ አለዎት ይለኛል። አንድ ቀን ተናድጄ የለም አልኩት። ወዲያው መኪና ላከ፤ ሠራተኞቹ መጥተው አምፖሉን አብርተው አይተው፣ ሐሰተኛ ጥቆማ ብለው መዝግበው ሄዱ። ሙንዚር በዚያ ሰዓት በሲሊንደር ነበር የሚተነፍሰው። አምፖሉን ያዩ ሰዎች አልጋውን አላዩም፤ አይፈረድባቸውም፣ አልጋ የሚባል የቅሬታ ዓይነት የለማ።

ሁለተኛ። ጎርናናው ለምን እንደቆመ ለመጠየቅ ሐረጎን ወጥቼ ሆጤ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ተወካይዎ፣ ተወካይዎም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የተወካይዎ ተወካይ በትሕትና ተቀብለውኛል። የሰማሁትን እስካሁን ድረስ ደግሜ ደጋግሜ ለሰው ስናገር የሚያምነኝ አጥቻለሁ። ጎርናናው በመዝገብ ላይ የተወገደ ንብረት ተብሏል። የተወገደ ንብረት ሥራ ላይ ሊሆን አይችልም። ሥራ ላይ ሊሆን ስለማይችልም፣ ሲዞር የሚፈልገው የማለስለሻ ዘይት ወጪ ሊደረግለት አይችልም። እየዞረ እኮ ነበር፣ የሰው ነፍስ ይዞ እየዞረ ነበር ብዬ ስጮህ፣ ሰውዬው በርኅራኄ ዓይን እያዩኝ፣ እመቤቴ፣ የዞረው ያለ አግባብ ነው አሉኝ። ወይ ጉድ! የጡረታ ሰው ቢያንስ ልጅ መምከር አይከለከልም። የእርስዎ ቤት ሕግ ግን ጡረታ ከወጣህ ብትችልም እንዳትችል የሚል ነው።

ኢንጂነር ሥርጉትም ያለ አግባብ ለዞረው ማሽን ተጠያቂ ሆና ቆጣሪ ማከማቻ ክፍል ተመድባለች። ላገኛት ሄጄ ነበር። አብሽሪ እትዬ ከሪማ፣ እያመለከትኩ ነው አለችኝ። እኔን ማጽናናት ያለባት እሷ ሆነች። ጎበዝ ሠራተኛን ከአቧራ በሚጠበቅበት መደርደሪያ ላይ ስላስቀመጡልን ምስጋናዬን ከዚህ ጋር አያይዤ አቀርባለሁ።

ሦስተኛ። ይህኛው አጭር ነው፤ ሳስበው ደሜ ስለሚፈላ አላረዝመውም። እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ከእርስዎ ፎቅ በላይ ያለው ክፍል ቮልቴጅ የሚያረጋጋ አዲስ ማሽን ከውጭ ለማስመጣት ጥናት ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሥራው ጎርናናው ሲሠራ የነበረውን ነው። መቼ ይመጣል ብዬ ጠየቅኩ፤ ጥናቱ ሲያልቅ ተባልኩ። ጥናቱ መቼ ያልቃል አልኩ፤ ኢንሻአላህ አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በምድር ያለችውን ላም ደግሞ እርስዎ ለሥጋ አቅርበዋታል።

አራተኛ። አሁን ወደ ዋናው ደረስኩ፤ ወደዚያ ወደማይረሳው የሽኝት ፕሮግራም። ጎርናናው በጨረታ ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጦ ሊቆረጥ ሲል፣ እንዲሁ በዝምታ ከሚቆረጥ በክብር ይሸኝ ማለትዎ ታላቅ ሐሳብ ነበር። ድንኳን ተተከለ፣ ለስንት ዓመት ላገለገለን ባለውለታችን ምስጋና የሚል ሸራ ተሰቀለ፣ ውሃ በፕላስቲክ ታደለ፣ ካሜራ መጣ። ባለውለታን አመስግኖ ማረድ ከየት የመጣ ባህል እንደሆነ ባላውቅም ድንኳኑ ግን ጥላው ጥሩ ነበር። ብረት ቆራጩ የሰፈራችን ልጅ ሱሌማን ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ጋዙን ከፍቶ፣ ችቦውን ይዞ ትእዛዝ ይጠባበቅ ነበር። እኔ ሙንዚርን ለጎረቤት ትቼ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ለምን እንደመጣሁ እኔም አላውቅም። ሰው የሚወደው ሲሞት እንደሚያየው ነው መሰለኝ።

እርስዎም የወሎ ልጅ ነዎትና ያለ ዱዓ የሚጀመር ነገር የለም ብለው የሰፈራችንን አባት ሼህ ጣሀን ወደ መድረክ ጠሩ። ሼህ ጣሀ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። እርስዎም ዘረጉ፤ ግራ መዳፍዎ ላይ ስልክዎ ነበረ፣ ዓይንዎም እሱ ላይ ነበር። ሼኹ ዝናቡን በልኩ አድርግልን አሉ፤ አሚን አልን። ሐረጎን የሚወጣ የሚወርደውን መንገደኛ ጠብቅልን አሉ፤ አሚን። የታመመውን አሽርልን፣ የተጣላውን አስታርቅልን፤ አሚን፣ አሚን። የዱዓን ነገር ያውቁታል፣ እየሞቀ ሲሄድ አንዱ አሚን ሌላውን እየጎተተ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። እርስዎም በማይክራፎኑ ከሁላችን በላይ ጮክ ብለው፣ ቀና ሳይሉ፣ አሚን ይሉ ነበር።

ከዚያ ሼህ ጣሀ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ። ያ ረብ፣ ይህ ብረት በዚህ ሰፈር ለታመመ ሰው ትንፋሽ ሆኖ ነበርና እንዳይቆረጥ ጠብቀው፤ አስነሥቶ የሚያዞረውን ሰው ዕድሜውን አርዝምለት፤ የሚቆርጠውን ሰው ልቡን መልስልን አሉ። እርስዎም አሚን አሉ። ብቻዎን! ሕዝቡ ለአፍታ ያህል ደንግጦ ዝም ብሎ ስለነበር የእርስዎ አሚን ብቻዋን በድምፅ ማጉያው ወጥታ ከተራራው ተመልሳ ተሰማች። ቀጥሎ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ አሚን ሲል መሬቱ ተነቃነቀ። እርስዎ ያኔ ነው ከስልክዎ ቀና ያሉት። እኔ ከኋላ ሆኜ እያለቀስኩ ስስቅ ነበር።

ሱሌማንም ጋዙን ዘጋ። መነጽሩን አውልቆ፣ ችቦውን ጠቅልሎ፣ አሚን የተባለበትን ነገር አልቆርጥም ብሎ ቤቱ ሄደ። ከሥራው የቀረበትን እኔ አውቃለሁ፤ ልጆች አሉት። ጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ቆራጭ በከተማው ፈለገ፤ ከኮምቦልቻም ከገራዶም እሺ የሚል ጠፋ። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለው አንድ ነው፤ ሰውዬው ራሱ አሚን ብሎበት እኔ ማን ነኝ ነው ያሉት። በዚህ አጋጣሚ፣ የከተማችንን ሕዝብ በአንዲት ቃል አንድ ስላደረጉት ላቅ ያለ ምስጋና ይገባዎታል፤ ስንት ስብሰባ ያቃተው ነገር ነው።

አምስተኛ። እኔ በየዋህነቴ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰው ተሳስቶም ቢሆን አሚን ካለ፣ አላህ ያናገረኝ ለበጎ ነው ብሎ ይተወዋል ብዬ ነበር። ከሳምንት በኋላ በጣቢያው በር ላይ ማስታወቂያዎን ለጠፉ። ቃሉን እንዳለ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ «በዕለቱ በክቡር ኃላፊው የተባለው አሚን በግል የተባለ እንጂ የጽሕፈት ቤቱን አቋም የሚገልጽ ስላልሆነ ንብረቱን የማስወገድ ሥራ ይቀጥላል» ይላል። ማህተም አለበት። ክቡር ሆይ፣ በሥራዬ ብዙ ጉድ ጽፌአለሁ፤ ባሏን በሕይወት እያለ ሞቷል ላለች ሴትም፣ አጥሩ በሌሊት ተራመደ ላለ ጎረቤትም ጽፌአለሁ። አሚንን በማህተም የሚሽር ወረቀት ግን አይቼ አላውቅም። አልሸሹም ዞር አሉ! ሼህ ጣሀ ሲነበብላቸው፣ ከማን ጋር እንደተነጋገረ አልገባውም ይሆናል ብለው ወደ ውሏቸው ሄዱ። እኔ እንደ እሳቸው ረጋ ያልኩ ሰው አይደለሁም። እኔ ተቆጥቻለሁ።

አሁን እንደምንሰማው ከዐረፋ በዓል በኋላ ከሩቅ ከተማ፣ ዱዓውን ያልሰሙ ቆራጮች ይመጣሉ። ማን ስለምን ምን እንዳለ ስለማያውቁ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ብልህ አሠራር ነው። ጀነሬተሩ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ግን ሥርጉት ብትመለስም፣ ዘይቱ ቢፈቀድም፣ ስልክ የሚያነሣው ልጅ ጥያቄውን ቢያሻሽልም፣ እርስዎ ራስዎ ተጸጽተው ቢያለቅሱም የሚመለስ ነገር የለም። መዳቡ ለማንቆርቆሪያና ለሽቦ ይሄዳል። አዲሱ ማሽን ጥናት ላይ ይሆናል።

ሙንዚርስ? ሰሞኑን ማሽኑ የሚቆምበት ጊዜ በዝቷል። ሲሊንደሯን ለመቆጠብ ብሎ ሳይነግረኝ በእጁ እየዘጋ ትንሽ ትንሽ ሲስብ ደረስኩበት። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ምነው ስለው፣ ያንቺን የሐረጎ መንገድ ላሳጥር ብዬ ነው አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። እፈራለሁ ብሎ በማመልከቻ ላይ መጻፍ ልማድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ባለጉዳዮቼንም ይህን አስወጣቸዋለሁ፤ ከራሴ ማመልከቻ ግን ማውጣት አልቻልኩም።

የምለምንዎ አዲስ ነገር አይደለም። ግድብ አላልኩ፣ አዲስ መስመር አላልኩ። መሥራት የሚችል ብረት ስለሆነ ሥራ ላይ እንደሆነ ይጻፍልን፤ ዘይቱ ይውጣለት፤ ያቺ ልጅ ከቆጣሪ መካከል ወጥታ ወደ ማሽኗ ትመለስ። መዝገቡ እምቢ ካለ መዝገቡን የሚጽፈው ሰው እጅ አለው፤ ያ እጅ በዱዓው ቀን ተዘርግቶ ያየሁት እጅ ነው። ይህ ከሆነ እኔ ራሴ ድንኳን ተክዬ፣ ሸራ አሰቅዬ፣ ያለ ካሜራም ቢሆን አመሰግንዎታለሁ፤ ያን ጊዜ የማመሰግንዎ እውነቴን ይሆናል። ልዩነቱን ይለዩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ተወካዮችዎ ብዛት፣ ስለ ማህተምዎ ጥራትና ስለ ሸራው የፊደል ውበት ያለኝን አድናቆት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዳይወዛወዝ፣ ማሞቂያዎ እንዳይጠፋ፣ ዕድሜዎም ሼህ ጣሀ በለመኑት ልክና በለመኑበት ምክንያት እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ካለው ቮልቴጅ ግን ከፍ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከሪማ ሸረፈዲን
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የሙንዚር ሚስት፣ የጎርናናው ጎረቤት

ግልባጭ፦ በጣቢያው በር ላይ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን፤ ሙጫው የራሴ ነው።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለሙንዚር አነበብኩለት። ሳቀ፤ ሳቁ ትንፋሹን ስለጨረሰው ትንሽ ቆይቶ ነው የተናገረው፤ ይህን ጨምሪበት አለኝ። ትናንት የሰፈራችን ቅሬ፣ ሲሞትብን የሚቀብርልን ማኅበራችን ማለት ነው፣ ተሰብስቦ እርስዎን በሙሉ ድምፅ አባል አድርጎ ተቀብሎዎታል። መዋጮ አይጠየቁም። የቅሬያችን ደንብ ግን ጥብቅ ነው፤ ቀብር ሲኖር አባል የሆነ ሁሉ አካፋውን ይዞ መጥቶ ይቆፍራል፣ ስብሰባ አለብኝ አይባልም፣ ተወካይም አይላክም። ሙንዚር ቁመቱ ረጅም ነውና፣ ጥሪው ሲደርስዎ ቀደም ብለው ይምጡ።